ለእያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ ቤት

«አሁንም ጥቁር ነው» አለ ፖምቢሊ፣ አገጩን የናታንግዌ ትከሻ ላይ አስደግፎ። «ከሰዓቱን ሙሉ እዚህ ስክሪን ላይ ያየሁት የራሴን ፊት ብቻ ነው።»

«እሱም አያምርም።» ናታንግዌ ዓይኑን ከላፕቶፑ አልነቀለም።

የእግር ኳሱን ጨዋታ በፍላሽ ያመጣው ፖምቢሊ ነበር። ጨዋታው የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ የእነናታንግዌ ላፕቶፕ ደግሞ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባል ሌላ ስርዓተ ክወና ነው። የሰፈሩ ልጆች እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እዚሁ መጥተው ሊጋጠሙ ተቀጣጥረዋል። ናታንግዌም አፉን ሞልቶ «ይሠራል፣ ለእኔ ተዉት» ብሏቸዋል። በከተማቸው በኦንግዌዲቫ የዊንዶውስ ጨዋታ ሊኑክስ ላይ ማስነሳት የሚችል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እሱ ብቻ እንደሆነ ያምን ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ «አቃተኝ» ማለት ይከብደዋል።

ሥራውን ያስተማረችው ልጆቿ ሜሜ የሚሏት እናቱ ናት። ሜሜ የኮምፒውተር መምህርት ነበረች። ትምህርት ቤቷ አሮጌ ላፕቶፖቹን ሲቀይር አንዱን ወደ ቤት አመጣችና ሊኑክስ ጫነችበት። ልጆቿ «ጨዋታ የማይሠራበት ላፕቶፕ ምን ይሠራልናል?» እያሉ ሲነዘንዟት ደግሞ ዋይን የሚባለውን ፕሮግራም አስተዋወቀቻቸው። ዋይን ለዊንዶውስ የተሠራውን ጨዋታ ያለ ዊንዶውስ ያስነሳል። አክስታቸው ይህን የወይን ጠጅ ስም ስትሰማ «ልጆቹን መጠጥ ልታስተምሪያቸው ነው?» ብላ መቆጣቷን ሜሜ ላገኘችው ሰው ሁሉ እያወራች ትስቅ ነበር።

«ጨዋታው እኮ እዚህ እንግዳ ነው» ትለው ነበር ናታንግዌን። «አገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ አገሩን የሚመስል ቤት ትሠራለታለህ። ለእያንዳንዱ ጨዋታ የራሱ ቤት! ሁለቱን አንድ ላይ ካስገባሃቸው አንዱ የሌላውን ዕቃ ሲያተራምስ ይውላል።»

ቤት የምትለው ፎልደር ነው። አዲስ ጨዋታ በመጣ ቁጥር አዲስ ፎልደር ትከፍትለት ነበር። ዋይን የት እንደሚያስቀምጥ ካልነገሩት በራሱ የሚጠቀምበት አንድ የተደበቀ ፎልደርም አለ፤ እሱን «በረንዳው» ነበር የምትለው። በረንዳ ላይ ማንም አያድርም። ለሙከራ ብቻ ነው።

ናታንግዌም የፖምቢሊን ጨዋታ የሞከረው በረንዳው ላይ ነበር። አልነሳ ሲለው ስልኩን አውጥቶ ሌሎች ምን እንዳደረጉ ፈለገ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ ፎልደሩን አጥፍተህ ከባዶ ጀምር።

«አጥፋዋ ታዲያ!» አለ ፖምቢሊ። «ምን ትለማመጠዋለህ?»

«እዚያ ውስጥ ምንም የለም፣ አጠፋዋለሁ።»

ትእዛዙን ጽፎ ተጫነው። ላፕቶፑ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም። ናታንግዌ ፎልደሩን እንደ አዲስ ሠራ፣ ጨዋታውን ከፍላሹ ገልብጦ አስነሳው። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ የስታዲየሙ ሆታ ቤቱን ሞላው። ፖምቢሊ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳና በመስኮቱ ለጎረቤት ፍየሎች ሳይቀር ጮኾ አበሰረ።

«አንተ ልጅ ጠንቋይ ነህ! ነገ አፈር ነው የማስግጥህ፣ ግን ጠንቋይ ነህ።»

ናታንግዌ ደረቱ ተነፋ። ሜሜ ብትኖር ምን ትለው እንደነበር አሰበ።

እህቱ እቱና ከመዘምራን ልምምድ ስትመለስ ገና እየተጫወቱ ነበር። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በአንድ እጇ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ፋት ኬክ የሚሉትን በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ይዛለች፤ ግማሹ ተበልቷል። በሩ ላይ ቆማ ጨዋታው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ተራዬ ነው» አለች።

ፖምቢሊ «ነገ እንገናኝ!» ብሎ ወጣ። እቱና የጣቷን ዘይት በቀሚሷ ጠርጋ ተቀመጠችና «መንደሩ» የምትለውን፣ መንደር የምትሠራበትን ጨዋታ ምልክት ተጫነች። ምንም አልመጣም። ደግማ ተጫነች።

«ናታን፣ መንደሩ አልከፈት አለ።»

«ቀስ ብለሽ ንኪው።»

«ቀስ ብዬ ነው የነካሁት።»

ናታንግዌ ጎንበስ ብሎ የፎልደሮቹን ዝርዝር ከፈተ። የቼዙ ቤት አለ። የመኪና ውድድሩም ቤት አለ። የመንደሩን ቤት ፈለገ፤ የለም። እንደገና ከላይ ጀምሮ አየ።

መንደሩን የጫነችው ሜሜ ናት፤ ከአልጋ መነሳት ባቆመችበት የዝናብ ወቅት። ትራስ ተደርድሮላት፣ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ፣ እቱና ብብቷ ሥር ሆና ነበር። ናታንግዌ ያን ዕለት አስታወሰ። ከግድግዳው ማዶ ጠርታው ነበር፤ «ናታን፣ ና እስቲ ለዚህ ጨዋታ ቤት ሥራለት፣ እጄ ዝሏል» አለችው። እሱ ስልኩን እየነካካ «ቆይ መጣሁ» አላት። ሲመጣ የጨዋታው ዘፈን ተከፍቶ ነበር፤ ሁለቱም እየሳቁ ነበር። እንዴት እንዳስነሳችው አልጠየቀም። አሁን ገባው። ደክሟት ነበር። ራሷ ያወጣችውን ሕግ ራሷ አፍርሳ በረንዳው ላይ አሳድራዋለች።

«ምን ሆነ?» አለች እቱና።

«ላፕቶፑ ራሱን እያደሰ ነው» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለው። «ነገ ይከፈታል።»

«እሺ።» ወዲያው አመነችው። «ዛሬ ሜሜን ወደ ቤት ሳላስገባት ልቀር ነው ማለት ነው።»

በመንደሩ ውስጥ ቢጫ ሻሽ ያሰረች ትንሽ ሴት ነበረች። «ሜሜ» ብላ ስሟን የጻፈችላት እናታቸው ራሷ ነች። እቱና ጨዋታውን ከመዝጋቷ በፊት ሁልጊዜ ሴትዮዋን ወደ ቤት ታስገባታለች።

ልጅቷ ልትታጠብ ስትሄድ ናታንግዌ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። አንዳንድ ጨዋታ የተጫዋቹን ሥራ ከራሱ ቤት ውጭ፣ ሰነድ በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጣል፤ እሱን ከፈተው። የሜሜ የፈተና ጥያቄዎች ብቻ ነበሩ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም ጫነ። ግን የኳሱ ጨዋታ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ ተገልብጦ የሰፈረውም መንደሩ በነበረበት ቦታ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ ያገኘው ማንም ሊያነበው የማይችል ስብርባሪ ነው።

በመጨረሻ የመንደሩን ጨዋታ ከሜሜ ፍላሽ እንደ አዲስ ጫነው፤ በራሱ ቤት። ተከፈተ። ዘፈኑም ያው ነው። ስክሪኑ ላይ ግን ባዶ አረንጓዴ ሜዳ ብቻ ተዘርግቷል።

እሠራዋለሁ አለ በልቡ። እንደነበረው አድርጌ እሠራዋለሁ፣ አታውቅም። አንድ ቤት ተከለ። ጣሪያው ቀይ ነበር ወይስ ሰማያዊ? መንገዱ ወዴት ይታጠፋል? ሴትዮዋ አጠገቡ የምትቆመው ጉድጓድ ከቤቱ በየት በኩል ነበር? እቱና ስንት ጊዜ «ናታን፣ እይ! እይማ!» ብላዋለች። ስንቴ «አሪፍ ነው» ብሏታል። ሜሜም ከአልጋዋ ሆና «ና እየን» ብላው ታውቃለች። አንዱንም አላየም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ እንዳይሰማበት የሹራቡን እጅጌ ነክሶ አለቀሰ።

እሁድ ጠዋት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለፖምቢሊ ነገረው።

«ተበላሸ በላታ» አለ ፖምቢሊ። «ላፕቶፕ እኮ ይበላሻል። የትምህርት ቤቱ በየሳምንቱ አይደል እንዴ የሚበላሸው? ማን ያውቅብሃል?»

«የሜሜ ሥራ ነበረበት።»

ፖምቢሊ የሜሜ ተማሪ ነበር። መሬቱን በጫማው ጫፍ ጫረ። «ለዚያ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «አንተ እንዳጠፋኸው ካወቀች እስከ መቼም አትረሳልህም። ላፕቶፑ ላይ ላክከው። ላፕቶፕ አይቀየም።»

ምክሩ ክፉ አልነበረም። ናታንግዌ እስከ ቤት ድረስ ቃሉን በአፉ ሲያላምጠው ሄደ። ተበላሸ። አንዲት ቃል ናት። እቱና ታለቅሳለች፣ እሱ ያባብላታል፣ አባታቸው ከሚሠራበት ከተማ፣ ከዋልቪስ ቤይ፣ ሲመለስ «አይዞሽ» ይላታል፣ ያልቃል። ጥሩ ወንድም እንኳ ሊመስል ይችላል። ይሄ የመጨረሻው ነው ያስጠላው።

እቱና ከማሩላው ዛፍ ሥር ተቀምጣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አሸዋ እያራገፈች ነበር።

«ታደሰ?» አለች ሳታየው።

«እቱና፣ መንደሩ የለም።»

«ገና አልጨረሰም?»

«መታደስ የሚባል ነገር አልነበረም። ዋሸሁሽ። ለኳሱ ጨዋታ ቦታ ሳዘጋጅ እኔ አጠፋሁት። ውስጡን ሳላይ አጠፋሁት።»

እጇ ላይ ያለውን ጫማ ማራገፍ አቆመች። «መልሰዋ።»

«ሞከርኩ። አልመለስ አለ።»

«ሜሜ ብትሆን ትመልሰው ነበር።»

እሷም አትችልም ነበር። ናታንግዌ ይህን ያውቃል፤ ግን አልተናገረም።

«ሜሜስ?» አለች። «የኛዋ ሜሜ? ባለ ሻሿ?»

«እሷም።»

ጫማው ደረቱን መታው። ቀጥሎ ሁለተኛው መጣ። ናታንግዌ አልሸሸም። ከዚያ እቱና አለቀሰች፤ በቀብሩ ቀን ትልልቆቹ ሁሉ «በርቺ፣ አንቺ ጎበዝ ልጅ ነሽ» ሲሏት ያፈነችው ልቅሶ መውጣት የጀመረ ይመስል ነበር። ሊይዛት ሲጠጋ ገፋችው። በገፋችው ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ እሱም አለቀሰ። ምንም የሚያባብል ነገር አልነበረውም።

ቆይታ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገች። «እና እንደ አዲስ ልትሠራልኝ ነው?»

«ትናንት ጀምሬ ነበር። ጉድጓዱን የት እንደማደርገው አላወቅኩም።»

«የምን ጉድጓድ?»

«ሜሜ አጠገቡ የምትቆመው። ክብ የሆነው።»

እቱና እንደማያውቀው ሰው አየችው። «ጉድጓድ የለንም እኮ። ጎተራ ነው! የእርግብ ቤት ነበር፤ ጨዋታው ጎተራ ስለሌለው ሜሜ ይሄ ጎተራ ይሁን አለች። እንደ አያታችን እንደ ኩኩ ግቢ ጎተራ። ማሽላ ሞልተንበት ነበር።» አሸዋውን በእጇ መታች። «ስንት ጊዜ አሳየሁህ!»

«አላየሁትም» አለ። «ስትጠሪኝ አሪፍ ነው እልሻለሁ እንጂ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። አንድም ቀን።»

መንደሩን ከማጥፋቱ ይልቅ ይሄ እንዳመማት ፊቷ ላይ አየ። አልጮኸችም፣ የምትወረውረው ነገርም አልፈለገች። ጉልበቷን አቀፈች። ናታንግዌ ቢመታ፣ ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

የግቢው በር ተንኳኳ። ከአጥሩ ማዶ የፖምቢሊ ፉጨትና የልጆቹ ሳቅ ይሰማል። አንዱ የጆይስቲኩን ገመድ እንደ ጅራፍ እያዞረ ነው።

«ናታን! ክፈት እንጂ! ዛሬ የራስህን ለቅሶ ነው የምትደርሰው!» አለ ከልጆቹ አንዱ።

ናታንግዌ ተነስቶ እስከ አጥሩ ሄደ። «ዛሬ ጨዋታ የለም።»

«ምን ማለት ነው? አይሠራም እንዴ?» አለ አንዱ።

ፖምቢሊ የናታንግዌን ዓይን አየ፤ ፉጨቱን ዋጠ።

«ይሠራል» አለ ናታንግዌ። «ዛሬ ግን የለም። ሂዱ።»

«ምን ዓይነት ቀሽም ነው ይሄ! ከሩቅ መጥተን!»

«በቃ ላሽ በሉት» አላቸው ፖምቢሊ፣ የአንዱን ክንድ እየጎተተ። እያጉረመረሙ ሄዱ።

ናታንግዌ ወደ ዛፉ ሲመለስ እቱና ቦታ አልለቀቀችለትም። ራቅ ብሎ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ይቅር አላለችውም፤ እንድትለውም አልጠበቀም። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። ምናልባት ልጆቹ ናቸው፤ እየሰደቡት ይሆናል።

«ከጎተራው ጀርባ ምን ነበር?» አለ።

ነፋስ ከመንገዱ አቧራ አምጥቶ በላያቸው አለፈ። ናታንግዌ አልተነሳም። ስልኩ ደግሞ ጮኸ።

«ልትሰማ ከሆነ አጥፋው» አለች እቱና ወደ መሬት እንዳየች።

አውጥቶ አጠፋው፤ ከእጁ በማይደርስበት ርቀት አስቀመጠውና ፊቱን ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዞረ።

«መጀመሪያ የመንደሩ በር ነው» አለች። «በሩን የመረጠችው ሜሜ ናት።»