በማኪንድዬው ቻይና ቤት የጠፋው ስልክ

ስልኩ የጠፋው ኑድሉ ከቀረበ በኋላ፣ ኬኩ ከመቆረሱ በፊት ነው።

አስቴር መጀመሪያ ቦርሳዋን በረበረች። ቀጥላ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ስትቃና ፊቷ አመድ መስሏል።

“ስልኬ የለም።”

ቅዳሜ፣ የምሳ ሰዓት ነበር። የኮሮናው ሰዓት እላፊ ከተነሳ ገና ወሩ ነው፤ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ያለው የማዳም ሊን ምግብ ቤት ልጆቹን ይዞ በወጣ ቤተሰብ ተሞልቷል። አስቴርም ልጇ እልልታ ሰባት ዓመት ስለሞላት ወንድሟን ሽሻይን አስከትላ መጥታለች። ጾሙ ሳይገባ ብላ ልደቱን በሳምንት አቅርባዋለች።

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ፈይሳ ነው። አዳማ ሳለ አሥራ አራት ዓመት ወንጀል መርማሪ ነበር። ተሰዶ ካምፓላ ሲገባ ያገኘው ሥራ በር መክፈትና የእንግዳ ትኩሳት መለካት ሆነ። ዓይኑ ግን ጡረታ አልወጣም።

“ጋሽ ፈይሳ፣” አለችው አስቴር፤ “ለስልኩ አይደለም የምጨነቀው። አቤሰሎም በቃሉ የሚያውቀው ቁጥር ይሄን ብቻ ነው። ሲም እስካስተካ ድረስ ቢደውልስ?”

አቤሰሎም የበኩር ልጇ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ። በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገባ። ከአራት ሳምንት በፊት “ባሕሩ ጋ ደርሰናል፣ ጀልባ እየጠበቅን ነው” ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። አስቴር ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ስልኳን በፌስታል ጠቅልላ ይዛ ነው የምትገባው።

“ቆይ፣ እኔ ልሞክርልሽ፣” አለ ሽሻይ። ማንም ሳይጠይቀው የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ ለጠፈና ወዲያው አወረደው። “ዝግ ነው።”

ማዳም ሊን ለመመራመር ጊዜ አላጠፋችም። ሳህን ስትቀይር የነበረችውን አስተናጋጅ፣ ፕሮሲን፣ ክንዷን ይዛ ወደ ካሸሩ ጎተተቻት።

“ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው። ሌላ ማን ይወስዳል? ፖሊስ ጠርቻለሁ።”

“ሴቦ፣ ጌታዬ፣ አንተ ታውቀኛለህ፣” አለች ፕሮሲ ወደ ፈይሳ ዞራ። “ቅዳሜ ያሰሩትን እስከ ሰኞ የሚፈታ የለም። ልጄን ማን ያጠባልኛል?”

ፈይሳ የሽርጧን ኪስ አስገለበጣት። እስክሪብቶና ማስክ ብቻ ተገኘ። ካሸሩ አጠገብ ምግብ ተረክቦ ሊሄድ የቆመ አንድ የቦዳ ሞተር ነጂ ነበር። እሱንም ኪሱን አስገለበጠው። ግማሹ የተበላ ሮሌክስ ወጣ፤ በቻፓቲ የተጠቀለለው እንቁላል ገና ትኩስ ነው። ሰውዬው እየተሳደበ ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ፈይሳ ግን የሚያድርበት ጊዜ አልነበረውም። ፖሊሶቹ መንገድ ላይ ናቸው።

ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ክብ ነው፤ መሐሉ ላይ ምግቡን ለሁሉም የሚያዳርስ ተሽከርካሪ መስታወት አለው።

“ስልኩን የት አስቀምጠሽው ነበር?”

“መስታወቱ ላይ። ሶስ ጠርሙሱን አስደግፌ እልልታን ልቀርጻት።”

“አስተናጋጇ ሳህን ስትቀይር ስልኩ ነበር?”

“ነበር። ኋላ ማዳም ኬኩን እንዳየው ጠራችኝ። ስመለስ የለም።”

“አንቺ ከተነሳሽ በኋላ ፕሮሲ መጣች?”

አስቴር አሰበች። “አልመጣችም።”

ፈይሳ ከሕፃኗ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

“እልልታ፣ እናትሽ ስትነሳ መስታወቱን ማን አዞረው?”

“አጎቴ። ሩዝ ላውጣልሽ ብሎ።”

“አወጣልሽ?”

“አላወጣልኝም።”

ፈይሳ የሽሻይን ሳህን አየ። አንድ ጉርሻ አልተነካም። የቅድሙም ደወል ትዝ አለው። ስልኩ ዝግ ሲሆን ይህን የምትናገረው የኔትወርኳ ሴትዮ ናት፤ ሽሻይ ግን እሷ አፏን ሳትከፍት ነው “ዝግ ነው” ያለው።

“ሽሻይ፣ እስቲ አንዴ ወደ ውጭ።”

መኪና ማቆሚያው ላይ ሲደርሱ ፈይሳ እጁን ዘረጋ። ሽሻይ አልተከራከረም። ስልኩን ከጃኬቱ የውስጥ ኪስ ግማሽ ድረስ አውጥቶ አሳየውና መልሶ ከተተው።

“የገዛ እህትህን?” አለ ፈይሳ። “ያቺ ሚስኪን በአንተ ፋንታ ልትታሰር?”

“አቤሰሎም ሞቷል፣ ጋሽ ፈይሳ።”

ፈይሳ የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ።

“ማክሰኞ ነው የነገሩኝ። ነገ ማለዳ ልናረዳት ነበር። ቄሱ ይመጣሉ፣ ጎረቤቱም ይመጣል፤ ቤቷ ሆና፣ ሰው ይዟት እንድትሰማ። ልደቱን እንቅር ብላት ትጠረጥራለች። ዛሬ ግን ወሬው ወጣ። ከሱዳንም ከእስራኤልም እየደወሉልኝ ነው። አንዱ ሳያውቅ ደውሎ ‘እግዚአብሔር ያጽናሽ’ ቢላትስ? እዚህ፣ ኬክ ፊት?”

ፈይሳ በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ብዙ ሌባ ይዟል፤ ባልያዝኩት ብሎ የተመኘው ይሄን ብቻ ነው።

“ወድቆ አገኘሁት ልበላት?” አለ ፈይሳ።

“ትከፍተዋለቻ።”

“እንግዲያው እኔ ነኝ የወሰድኩት በል።”

“ለምን ብትለኝስ?”

በዚህ መሐል ሁለት ፖሊሶች በአንድ ቦዳ ተፈናጠው ደረሱ። ወደ ውስጥ ገብተው አንደኛው ደብተሩን ሲከፍት ሌላኛው የፕሮሲን እጅ ጠመዘዘ። ፕሮሲ የልጇን ስም እየጠራች አለቀሰች።

ከፈይሳ ጋር ተከትሏቸው የገባው ሽሻይ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ስልኩን እህቱ ፊት አኖረው።

“እኔ ነኝ የወሰድኩት። ልጅቷን ልቀቋት።”

ፖሊሱ ለቀቃት። ማዳም ሊን ግን “ቢሆንም ሰኞ እንዳትመጪ፣” አለቻት። “ስሙ የተነሳ ሰው ቤቴ አይሠራም።” ፕሮሲ ሽርጧን ፈትታ ወንበር ላይ ጣለችና ወጣች። ሊያስቀራት የሞከረ የለም።

አስቴር ስልኩን አላነሳችም። ለምን ወሰድክ ብላም አልጠየቀችም። የወንድሟን ፊት ትክ ብላ አየችው።

“መቼ ነው?” አለች።

“አስቱ፣ ቤት እንሂድና…”

“መቼ ነው አልኩህ?”

“ሰኞ ሌሊት። ጀልባዋ ሰጠመች። እኔ ማክሰኞ ሰማሁ።”

እልልታ ሹካዋን አስቀመጠች። በአጠገባቸው ያሉት ጠረጴዛዎች ላይ የነበሩ ሰዎችም ዞሩ። የእነ አስቴርን ቋንቋ የሚያውቅ ባይኖርም የገባቸው ነገር አለ።

“አራት ቀን፣” አለች አስቴር። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “አራት ቀን ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ልጄን በሕይወት አቆይልኝ ብዬ ስጸልይ አጠገቤ ቆመህ አሜን ትል ነበር።”

ሽሻይ መሬት መሬቱን አየ።

ደብተር የያዘው ፖሊስ ግራ ገብቶት ወደ ፈይሳ ዞረ። “ምን እያለች ነው?” ሲል በእንግሊዝኛ ጠየቀው።

ፈይሳ ደብተሩን አየ፤ ሊነግረው አስቦ ተወው።

“ስልኩ ተገኝቷል፣” አለው።

ፖሊሱም ያንኑ ጻፈ።