ባዶ ጠረጴዛ ላይ ያልወረደው መርፌ

ይህን ስጽፍ "ፈጥሮ ነው" የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። መብታችሁ ነው። እኔም ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው "ሙቀቱ አናቱን መትቶት ነው" ብዬ እስቅ ነበር።

ግን ሆኗል። የሆነውም በእኔ በክንፈ ላይ ነው።

ቦታው ሸዋ ሮቢት። ጊዜው ያለፈው ግንቦት፣ ቅዳሜ። ሌሊት እንዳይመስላችሁ... ጠራራ ፀሐይ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

እኔ የደብረ ሲና ሰው ነኝ። ሙያዬ አናጺነት ነው፤ ቧንቧና ኤሌክትሪክም እነካካለሁ። ጋሼ ሐሚድ ሸዋ ሮቢት ውስጥ በርና ቁም ሳጥን የሚያሠሩበት ወርክሾፕ አላቸው። በኮምፒውተር እየታዘዘ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን አስመጡ፤ ሲኤንሲ የሚሉትን። ማሽኑ ሲቀርጽ ጣውላው ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስለዚህ ከሥር አየር እየሳበ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ የሚያጣብቅ ቫኪዩም እንድዘረጋላቸው ጠሩኝ።

ነገሩ ቀላል ነው። ጠረጴዛው በትንንሽ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ከሥሩ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ከቱቦው ጫፍ ፓምፕ አለ። ቀዳዳዎቹ ላይ ጣውላ ከተኛ አየር መግቢያ ያጣል፤ የስበቱን ኃይል የሚያሳየው የጌጅ መርፌ ወደ ላይ ይወጣል። ጠረጴዛው ባዶ ከሆነ አየሩ እንደልቡ ይገባል፤ መርፌውም ከዜሮ አይነሳም።

ይህችን ብቻ ያዙልኝ። ባዶ ከሆነ... ዜሮ።

እውነቱን ለመናገር ሥራውን የተቀበልኩት ከቤቴ ለመሸሽ ነው። ባለቤቴ ተናኜ ከሞተች ሰባት ወር ሆኗት ነበር።

ሆስፒታል አሥራ አንድ ቀን አስታመምኳት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ትንፋሿን ስቆጥር አድር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ውሃ ልገዛላት ወረድኩ።

"አትቆይ" አለችኝ።

አልቆየሁም። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስመለስ ፊቷ ተሸፍኗል።

ብቻዋን ሞተች። እስከ ዛሬ የሚበላኝ ይህ ነው።

ሳጥኗን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የሟችን ቁመት በሜትር አይለካም ነበር፤ በክር ነው የሚለካው። ክሩም ከሟቹ ጋር ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን እንኳ ውጭ እንዲያድር አይፈቅድም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም።

የተናኜን ክር ግን መስጠት አቃተኝ። ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ወርክሾፑ ውስጥ ነው የማድረው። ጓዳ ብጤ፣ በመጋረጃ የተከለለች የዕቃ ክፍል አለች፤ እዚያ ፍራሽ ዘርግቼ። ከሠራተኞቹ ጋር ሰላምታ ብቻ ነው ያለን። ማታ ማታ ወደ ደሴ የሚያልፉትን ከባድ መኪናዎች ድምፅ እየሰማሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። ስልኬም አይጮህም፤ ማን ይደውላል?

ሐሙስ ዕለት ጠረጴዛውን በአራት ዞን ስከፍል፣ ለየዞኑም የራሱን ቫልቭና ጌጅ ስገጥም፣ ሜትሬ ሰጋቱራ ገብቶበት አልዘረጋ አለ። ሱቁ ሁሉ በሙቀቱ ተዘግቷል። እጄ ቦርሳው ውስጥ ገብቶ ክሩን ይዞ ወጣ። የሁለተኛውን ዞን ርዝመት በእሱ ለካሁት።

አውቄ ነው? እንጃ... ትንሽ አውቄ ነው።

ወደ ቅዳሜው ልመልሳችሁ።

ግንቦት ላይ በቀትር ሸዋ ሮቢት ውስጥ የሚሠራ የለም። ሠራተኞቹ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወጡ። ጋሼ ሐሚድ ወደ መስጊድ ሊሄዱ ሲሉ በሩ ላይ ቆም አሉ።

"ክንፈ፣ አንተስ አታርፍም? ቀትር ላይ ብቻ መሆን ጥሩ አይደለም።"

"የት ልሂድ ጋሼ?"

ትከሻዬን መታ አድርገው ወጡ።

ነፋሱ አቧራ እንዳያስገባብኝ የብረት በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ቱቦዎቹን ሁሉ አጣብቄ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ሙከራ ብቻ ነው። ፓምፑን አስነሳሁ።

ጠረጴዛው ባዶ ነው። ያለበት ነገር ቢኖር ከቀረጻው የቀረ ነጭ የእንጨት ዱቄት ነው።

የአንደኛውን ዞን ቫልቭ ከፈትኩ። ዜሮ።

ሦስተኛ... ዜሮ።

አራተኛ... ዜሮ።

ለመጨረሻ ያቆየሁትን ሁለተኛውን ስከፍት መርፌው ወደ ላይ ወጣ።

ወጥቶም ቀረ።

"የተደፈነ ነገር አለ" አልኩ ለራሴ። ቱቦውን መታ መታ አደረግኩ። ቫልቩን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ። ቀዳዳዎቹን ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ንጹሕ ናቸው።

ፍሳሽ ስንፈልግ የምናደርጋት ነገር አለች። ከፌስታል ላይ ትንሽ ቆርጠን ቀዳዳው ላይ እንለቃታለን፤ አየር እየተሳበ ከሆነ ልጥፍ ትላለች። አንደኛው ዞን ላይ ለቀቅኩ። ልጥፍ አለች።

ሁለተኛው ዞን ላይ ለቀቅኩ...

ፌስታሏ እንጨቱ ላይ አልደረሰችም።

ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር ከፍ ብላ አየር ላይ ቆመች። አልተንሳፈፈችም። የማላየው ነገር ላይ አርፋለች።

ከፍ አለች። ዝቅ አለች። ከፍ... ዝቅ...

ይህን አካሄድ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ሌሊት ቆጥሬዋለሁ።

"ተናኜ?" አልኩ በሹክሹክታ።

መርፌው ትንሽ ወረደና ተመለሰ።

ጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሩጥ ሩጥ የሚል ፍርሃት ነበረብኝ፤ አልዋሻችሁም። ግን ከፍርሃቱ በላይ ደስታ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ማንንም "እንዴት ዋልሽ?" ብዬ አላውቅም። አሁን የምለው ሰው አገኘሁ።

ብዙ አወራሁ። ወንድሜ ሁለተኛ ልጅ እንደወለደ ነገርኳት። ልብሶቿን ለሰው ሳልሰጥ እንዳስቀመጥኳቸው ነገርኳት። የዚያን ቀን ውሃ መሸጫው ጋ ሰልፍ እንደነበረም ነገርኳት። እያለቀስኩ ነው የማወራው።

"አሁን አልወጣም። ብትገድይኝም አልወጣም።"

መርፌው እንደገና ወረደ። አሁን ከበድ ብሎ። ጠረጴዛው ሲጥ አለ።

ልትነሳ እንደሆነ ገባኝ።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፤ አፍራለሁ፣ ግን ልንገራችሁ። የሦስቱን ዞኖች ቫልቭ ጥርቅም አድርጌ ዘጋሁ። የፓምፑ ኃይል ሁሉ ወደ እሷ እንዲሄድ።

መርፌው ወጣ። ጠረጴዛው ዝም አለ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ ሐሚድ ከሶላት ተመልሰው ነው። ከፍቼ አስገባኋቸው። ጌጁን አዩ። ባዶውን ጠረጴዛ አዩ። ከዚያ ፌስታሏን አዩ።

"አዑዙ ቢላሂ..." አሉ። "ክንፈ... ማነው የተኛው?"

"ቀስ ብለው ያውሩ ጋሼ።"

"ማነው?"

"ባለቤቴ ናት።"

ክንዴን ያዙኝ።

"አጥፋው። አሁኑኑ አጥፋው።"

"አይሆንም።"

"እሷ መሆኗን ምን አሳወቀህ?"

"ትንፋሿን አውቀዋለሁ።"

ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ፌስታሏ ከፍ ዝቅ ትላለች፤ ቅድም ከነበረው ፈጥናለች።

"የእኔ ልጅ" አሉ በሹክሹክታ፣ "የምትወዳት ከሆነች ለምን ታስራታለህ?"

አንድ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ፊታቸውን ከጠረጴዛው ሳያዞሩ፣ ወደ ኋላ እየተራመዱ ወጡ።

"በሩን እንዳትዘጋው" አሉኝ ከውጭ።

ዘጋሁት። ቀረቀርኩት።

ስመለስ መርፌው ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል። ጠረጴዛው ከነብረት እግሩ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ሐሚድ ያሉኝ ነገር ያኔ ነው አንጀቴ የገባው። እያሠቃየኋት ነው። እጄን ወደ ማጥፊያው ዘረጋሁ። ጣቴ ማጥፊያው ላይ አረፈች።

መጫን አልቻልኩም። አንዴ ትቻት ወጥቻለሁ፤ ሁለተኛ በገዛ እጄ አላደርገውም።

"አትሂጂብኝ" አልኳት። "ለምኜሻለሁ... እዚሁ እኔ ጋ ሁኚ።"

መብራት ጠፋ።

ጥያቄም መልስም የለም። ዝም ብሎ ጠፋ። ፓምፑ እያቃሰተ ቆመ። በቱቦዎቹ ውስጥ አየር ፍሽሽ አለ፣ ረጅም... መርፌውም እየወረደ ሄደ።

ዜሮ።

ፌስታሏ እንጨቱ ላይ ወደቀች።

በቆርቆሮው ቀዳዳ ከሚገባው ብርሃን በቀር ወርክሾፑ ጨለም ብሏል። ላቤ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ምንም ኮቴ አልሰማሁም፤ በሩም አልተከፈተም።

ትንሽ ቆይቶ መብራት ተመለሰ። ፓምፑ በራሱ ተነሳ፤ አላጠፋሁትማ። ሁለተኛው ዞን እንደተከፈተ ነው።

መርፌው ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።

ሄዳለች። ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ሁለተኛ ሞቷ ነበር ለእኔ። ካለቀስኩ በኋላ ግን፣ እውነቴን ነው፣ ትንሽ ቀለል አለኝ። ቢያንስ አሁን ስትሄድ አጠገቧ ነበርኩ። "ነፍስሽን ይማረው" ብዬ ፓምፑን ላጠፋ ተነሳሁ።

ያኔ ነው የጠረጴዛውን ጠርዝ ያየሁት።

ነጩ ዱቄት ላይ የእጅ መዳፍ ታትሟል። ሲነሳ የተደገፈበት።

የተናኜ እጅ ትንሽ ነበር። ስይዘው መዳፌ ውስጥ ይጠፋ ነበር።

እጄን ምልክቱ ላይ አስቀመጥኩ። የእኔ እጅ፣ የአናጺ እጅ... ምልክቱ ውስጥ ጠፋ። ጣቶቼ የጣቶቹ ግማሽ ላይ አልደረሱም።

እንጨቱ ይሞቃል።

ይህን ሁሉ ጊዜ ለማን ነበር የማወራው? "እኔ ጋ ሁኚ" ያልኩትስ ማንን ነው?

ወደ ወለሉ አየሁ። የባዶ እግር ዱካ ነው፤ ሰፊ፣ ዱቄት የለበሰ። አንድ እርምጃ... ሌላ እርምጃ። ወደ በሩ አይሄድም። በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

እርምጃዎቹ እኔ ወደማድርባት ዕቃ ክፍል ይሄዳሉ። የሚመለስ አንድም የለም።

መጋረጃውን በመዶሻ እጀታ ገለጥ አደረግኩት።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አይታይም። ፍራሼ ግን በግድግዳው በኩል ከዳር እስከ ዳር ወደ ታች ሰምጧል። አንሶላው ከፍ ይላል... ዝቅ ይላል።

በዚህኛው ጠርዝ በኩል፣ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተትቷል።