ተክለን ሄድን

በአርባ ምንጭ ከተማ፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር፣ እማማ ወርቂቱ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የከሰዓት በኋላውን ፀሐይ ከቤታቸው ግድግዳ ላይ የሚመልስላቸው አንድ ትልቅ ማንጎ ነበር። መንገዱ ሲሰፋ ማንጎው ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው እንደ ምድጃ ይግላል፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ እማማ ወርቂቱም በርጩማቸውን ይዘው ከጎረቤት አጥር ሥር ጥላ ፍለጋ ይወጣሉ።

ይህን አይታ ያዘነችው ዕድላዊት ናት። ዕድላዊት መምህርት ስትሆን በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ኅብረት ውስጥ ታገለግላለች። ጉዳዩን ለኅብረቱ ነገረች፤ ሰብሳቢው ዘካሪያስም በደስታ ተቀበለው። የጥቅምት ዝናብ ሳያባራ ወጣቶቹ ተሰብስበው መጡ። በፀሐዩ በኩል ያለውን ቆሻሻ ጠረጉ፤ መሬቱን ደለደሉ፤ ማንጎ፣ ሽፈራውና ኒም ተከሉ፤ ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረው ኖራ ቀቡት። እየዘመሩ ፎቶ ተነሡ።

"በየተራ እየመጣን እናጠጣለን፣ እማማ" አሉ።

እማማ ወርቂቱ እጃቸውን ዘርግተው መረቋቸው።

ዕድላዊት በመጀመሪያው ተራዋ መጣች። በሚቀጥለው የፈተና ወረቀት ማረም ያዛት፤ ከዚያ ደግሞ የገና መዝሙር ልምምድ ሆነ። ሌሎቹም እንዲሁ ቀሩ። ዝናቡ ቆመ፤ በጋው ገባ።

"ለመሆኑ ችግኞቹን ያየ ሰው አለ?" ብላ አንድ ቀን ዘካሪያስን ጠየቀችው።

"አታስቢ እህቴ። መትከሉ የእኛ ነው፤ ማሳደጉ የእግዚአብሔር ነው" አላት። "አሁን እኮ ጫኖ ቀበሌ ላይ ሌላ ተከላ እያዘጋጀን ነው።"

መልሱ ስለተመቻት ወደ ልምምዷ ሄደች።

እማማ ወርቂቱ ግን በየቀኑ ቅጠሉ ሲጠወልግ ያያሉ። ጉልበታቸው የታመመ ቢሆንም ለማንም ሳይናገሩ ከቦኖ በጀሪካን ውሃ ማመላለስ ጀመሩ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ውሃ ይዘው ሲመለሱ እግራቸው ከዳቸው። በመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ውስጥ ወደቁ፤ ዳሌያቸውም ተሰበረ።

ዕድላዊት ሆስፒታል ስትደርስ ከሥቃዩ የተነሣ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘቻቸው።

"እማማ፣ ምነው ቢጠሩን?" አለች እያለቀሰች።

"ምን ብዬ ልጥራችሁ ልጄ? ሥራ አለባችሁ። ቢደርቅ ደግሞ ሰው ምን ይላል? ቤተ ክርስቲያን ተከለችላት፣ ወርቂቱ አደረቀችው ይላል።"

ዕድላዊት ከሆስፒታሉ ወጣች። በቀጥታ ወደ ቤታቸው ሄደች። ማንጎዎቹ በቁማቸው ደርቀዋል። ሽፈራው ቅጠሉን አራግፏል። ከግድግዳው ሥር አንድ ኒም ብቻ በሕይወት አለ።

እሑድ ኅብረቱ ተሰበሰበ። ዘካሪያስ ስለ ጫኖው ተከላ መናገር ሲጀምር ዕድላዊት ተነሣች።

"መትከል አለ፣ ማሳደግ አለ። በመሃል ያለው ማጠጣትስ የማን ነው?" አለች።

"እህት ዕድላዊት፣ የደረሰው አደጋ ነው። በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል።"

"አደጋ አይደለም። ያ ጀሪካን የእኔ ነበር። የእኔን ተራ ነው የተሸከሙልኝ።"

ማንም ቀና ብሎ አላያትም። የጫኖው ተከላ እንዲቆይ ተወሰነ፤ ለማጠጣት የመጡት ግን ጥቂት ነበሩ። ዘካሪያስ ራሱ የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው። ጀሪካኑን አንሥቶ ወደ ቦኖው ወረደ። በደረቁት ምትክ ሌላ ተከሉ፤ በዚህ ጊዜ ማጠጣት የሚችሉትን ያህል ብቻ።

እማማ ወርቂቱ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ምዕራብ ዓባያ የሚኖረው ልጃቸው ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። በዓመቱ ዕድላዊት ልትጠይቃቸው ሄደች። አልጋ ላይ ናቸው።

"እማማ፣ ኒሙ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ጥላ ጀምሯል" አለቻቸው።

"ጥሩ ነው" አሉ እማማ ወርቂቱ። "ከእንግዲህ ቤቱ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይሁን።" ይህን ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ዕድላዊት መኪና ይዛ ተመለሰች። ተራዋ ስለነበር ወደ ቤቷ ሳትገባ ውሃ ልትቀዳ ሄደች።

ጉድጓድ ቆፍሮ ችግኝ ያስገባ ሰው ሥራውን ጀመረ እንጂ አልጨረሰም። እኛም ተክለን፣ ፎቶ ተነሥተን የሄድን ሁሉ፣ ጥለነው የሄድነውን ውሃ ዛሬ ማን ተሸክሞት እንደሆነ ሄደን እንይ።