ባዶው አግዳሚ ወንበር

ንቢት ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ከአባቷ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ በላይ ያሉት ሁለት ክፍሎች ናቸው። መጠሪያ ስሟ ሌላ ነው፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ስለማይሆንላት ግን አያቷ ንቢት አሏት፤ እሱው ጸናባት። አያቷን ደግሞ ቤቱ ሁሉ እምዬ ይላቸዋል። እምዬ ዓይናቸው ደክሟል። ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው።

አንድ ጊዜ አባቷ ሱቁን ለሦስት ቀን ዘጋና "ትልቁን ከተማ አይተን እንምጣ" አለ። ከአባቷ አፍ እንዲህ ያለ ነገር ወጥቶ አያውቅም! አስተማሪዋ ይህን ሲሰሙ "እንግዲያው የጉዞ ማስታወሻ ያዢ፤ ስትመለሺ ለክፍሉ ታነቢያለሽ" አሏት። ማስታወሻ መያዝ መልካም ነው፣ ልጆች። ንቢት ግን የምታስበው ክፍሉን ጉድ ስለማሰኘት ብቻ ነበር። አውቶቡሱ ገና ሳይነሳ ሁለት ገጽ ሞልታለች፤ የሹፌሩ መነጽር እንኳ አልቀረም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ የገበያ ሕንጻ ሄዱ። እናትና አባት የሰዓት ዕቃ ለመግዛት ታች ተሰለፉ።

"ንቢት፣ ከእምዬ ጋር እዚሁ ዞር ዞር በሉ" አለች እናቷ። "እጃቸውን እንዳትለቂ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ፣ እማ።"

መስማትማ ሰምታለች። ግን አሳንሰሩ አጠገብ "ከተማው ሁሉ ከሰገነቱ ላይ ይታያል" የሚል ጽሑፍ አየች። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛት! እምዬን እየጎተተች ወደ ላይ ወጣች። አሳንሰሩ ግን ሰገነቱ ድረስ አይሄድም፤ የቀረው ደረጃ ነው። የእምዬ ጉልበት ደግሞ ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል።

"እምዬ፣ እዚህ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጡ። አሁን መጣሁ። እስክመጣ እንዳይነሱ፣ እሺ?"

"እሺ፣ የኔ ልጅ። ብቻ አትቆዪ።"

ቆየች። ጣሪያ ቆጠረች፣ መኪና ቆጠረች፣ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ እንደገና ጻፈች። ቀና ስትል ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ደብተሯን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ደረጃውን በሩጫ ወረደችው።

አግዳሚ ወንበሩ ባዶ ነበር።

ንቢት ክው አለች። "እምዬ!" ብላ ተጣራች። መልስ የለም። ምናልባት ወርደው ይሆናል ብላ እስከ ታች ሮጠች። እዚያ ያገኘችው እናቷን ነው።

"እምዬስ?"

ልጆች፣ እውነቱን ለመናገር ሰዓቱ ይህ ነበር። ንቢት ግን ቁጣውን ፈራች።

"አየር... አየር ልውሰድ ብለው ወደ ውጭ ወጡ" አለች።

"ብቻቸውን? በዚያ ዓይናቸው?" እናቷ ይህን ብላ በሩን በርግዳ ወጣች፤ አባቷም ተከተላት። ጎዳናው በመኪና ተጨናንቋል። እናት ያገኘችውን ሁሉ "አንዲት አሮጊት አላያችሁም?" ትላለች። አባት አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ማዶ ይሻገራል። ንቢት የሕንጻው ጥበቃ አጠገብ ቆማ ቀረች። "አምላኬ፣ እኔ ሳልናገር አንተ እምዬን አምጣልኝ" ብላ ጸለየች። አያችሁ ጉዷን? እግዚአብሔርን የውሸቷ ተባባሪ ልታደርገው!

በዚህ መሃል የፍሬን ድምፅ ሲጢጥ አለ። አንድ መኪና አባቷን ሊገጨው ጥቂት ሲቀረው ቆመ። ሹፌሩ ጮኸበት። አባቷ ግን አልሰማውም፤ "እምዬ!" እያለ መሮጡን ቀጠለ።

"አባ! ተመለስ!" ንቢት ሳታውቀው እየጮኸች ነበር። "አልወጡም! ዋሽቼ ነው! ላይ ወንበር ላይ ትቻቸው ነው የሄድኩት! ስመለስ ወንበሩ ባዶ ነው!"

ሁለቱም ተመለሱ። ማንም አልመታትም፤ ማንም አልተቆጣትም። ንቢትን ከዱላ ይልቅ ይህ አመማት።

"ፎቆቹ መንታ ናቸው" አለ ጥበቃው። "ያው ወንበር፣ ያው ንጣፍ። አንድ ፎቅ አልፈሽ ወርደሽ ይሆናል። ግን ቶሎ እንበል፤ ልንዘጋ ስለሆነ ላይኛውን መብራት አጥፍተናል።"

መብራት አጥፍተናል! አሳንሰሩ ያን ያህል ሲያዘግም ንቢት አይታ አታውቅም።

በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ ጨልሟል። ከወዲያኛው ጫፍ የአንዲት የጽዳት ሠራተኛ ድምፅ ይሰማል። "እባክዎ ይነሱ እናቴ፣ ወደ ታች ልውሰድዎ።"

"አይሆንም" አሉ እምዬ። "ልጄ እመጣለሁ ብላኛለች። መጥታ ብታጣኝ ትደነግጣለች።"

ንቢት ሮጣ ጭናቸው ላይ ተደፋች። እንባዋ አላናግር አላት። ቢሆንም አንዱንም አልደበቀችም፤ መቆየቷንም መዋሸቷንም ነገረቻቸው። "ይቅር ይበሉኝ፣ እምዬ።"

እምዬ ፊቷን በእጃቸው ዳበሱ።

"አልፈራሁም ብልሽ እኔም መዋሸቴ ነው" አሉ። "ጨለማው ሲመጣ ፈርቼ ነበር። ግን ትመጣለች ብዬ ስላመንኩሽ አልተነሳሁም። ይቅር ብዬሻለሁ። ነገም አምንሻለሁ፤ አታሳፍሪኝ።"

በማግስቱ ንቢት ከተማውን የዞረችው የእምዬን እጅ ይዛ ነው። በዚያ ቀን ከግማሽ ገጽ በላይ አልጻፈችም። መንገድ መንገዱን ግን ያየችውን ሁሉ በእምዬ ጆሮ ትነግራቸው ነበር፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር።

ልጆች፣ ስታጠፉ ሳትውሉ ሳታድሩ እውነቱን ተናገሩ፤ ውሸት ጥፋትን አይሸፍንም፣ የሚያምኗችሁን ሰዎች በጨለማ ያስቀምጣል እንጂ።