እንግዳ ገባ፣ እንግዳ ወጣ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር። ግን ሆኗል... ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአስር፣ ፀሐይዋ ፍጥጥ ብላ ሳለ።

የምሠራው በዕፅዋት ምርምር ጣቢያ፣ የበረሃ ተክሎች በሚያድጉበት የመስታወት ቤት ነው።

አንድ ተክል አለን። ቅጠል የለው፣ ግንድ የለው። አፈር ስር ተደብቆ የሌላውን ሥር እየመጠጠ ይኖራል። ሲያብብ ብቻ መሬቱን ሰንጥቆ ብቅ ይላል... ቀይ፣ ወፍራም፣ የበሰበሰ ሥጋ የሚሸት አበባ።

ጢንዚዛዎች ሽታውን ተከትለው ይገቡለታል። አይበላቸውም። ሦስት ቀን ያግታቸውና ቢጫ ብናኙን አራግፎባቸው ይለቃቸዋል። ለሌላ አበባ እንዲያደርሱለት ነው።

እኛ ጢንዚዛውን "እንግዳ" እንለዋለን። መዝገብ ላይም ሰዓቱን ጠቅሰን "እንግዳ ገባ"፣ "እንግዳ ወጣ" ብለን እንጽፋለን።

ያን ዕለት ከወለሉ ስር ቧንቧ ፈነዳ። ቧንቧ ሠራተኛችን ታናሽ ወንድሜ ነው። የእናቴ የመጨረሻ ልጅ፣ የዓይኗ ብሌን። ያስቀጠርኩትም እኔ ነኝ። እናቴ "አደራሽን" ብላኝ ነበር።

አፍንጫውን ይዞ፣ "እትዬ፣ እዚህ ምን ሞቶ ነው?" አለኝ።

"አርፈህ ግባ። ባለሙያ አፍንጫ የለውም።"

እየሳቀ የወለሉን ክዳን አንስቶ ወረደ። እኔም ለቀልድ ብዬ መዝገቡ ላይ ጻፍኩ...

"እንግዳ ገባ። 4፡10።"

ምነው እጄን በቆረጠው።

አምስት ሰዓት ሆነ... ስድስት...

ብጠራው ዝም። በባትሪ አየሁ። ጉድጓዱ ከአንድ ሰው ቁመት አይበልጥም። የመፍቻ ሳጥኑ አለ። ጫማዎቹም አሉ... ክራቸው እንደታሰረ።

እሱ የለም።

ፖሊስ መጣ፣ ወለሉ ተቆፈረ። ከሥር በቀር ምንም አልተገኘም። እናቴ እህል አልቀምስም አለች። "ልጄን የት አደረግሽው?" ትለኛለች። ምን ልበላት?

አርብ መዝገቡን ገለጥኩት።

"እንግዳ ወጣ። 4፡10።"

የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው። እኔ ግን አልጻፍኩም።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። እናቴ ነበረች። "መጣልኝ... ልጄ መጣልኝ..."

እየበረርኩ ቤት ደረስኩ። ባዶ እግሩን ሳሎን መሃል ቆሟል። ጭረት እንኳ የለበትም። ቅንድቡ ላይ ግን ቢጫ ብናኝ አለ። እናቴ እያገላበጠች ትስመዋለች። ከንፈሯ ቢጫ ሆኗል።

"የት ነበርክ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"እንግድነት።"

"ማን ጋ?"

አየሩን አሸተተና ወደ እናቴ መኝታ ቤት ዞረ።

"እናንተም ቤት አለ እንዴ?"

"እናንተ ቤት" አለኝ... ያደገበትን ቤት።

ያኔ የአበባው ሽታ ለኔም ደረሰኝ።

እጇን ይዞ መራት። "እማዬ፣ አትከተይው" አልኳት።

"ተይኝ። ሁለተኛ ከዓይኔ አይርቅም።"

ሻርፗን ያዝኩ። ሻርፑ እጄ ላይ ቀረ። በሩ ተዘጋ።

ሰብሬ ስገባ ማንም የለም። አልጋው ስር ሲሚንቶው ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ጠርዝ ላይ የእናቴ ጫማዎች አሉ... ጎን ለጎን።

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። የውጭውን በር ቆልፌ ሳሎን ተቀምጫለሁ። ብትመጣስ? እናቴ ናት... እንዴት በር እዘጋባታለሁ?

መዝገቡን አስሬ ሳጥን ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ብዕሮቹን ሁሉ ሰብሬ ጥያለሁ።

አሁን አራት ሰዓት ከአስር ሆነ።

ጣቶቼን አየኋቸው... እርጥብ ቀለም ነክቷቸዋል።