በር ድረስ

ባለባጃጁ እንዳላማው ክላክሱን ቢያንባርቅም ከፊቱ ያሉት ባጃጆች ንቅንቅ አላሉም። ፈውዚያ ከአባቷ ጎን እንደተቀመጠች አንገቷን ወደ ውጭ ብቅ አድርጋ አየችና ቶሎ መለሰችው። ከወፍጮ ቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መንገዱ በባጃጅ ጢም ብሏል።

«ይህን ሐሳብ ያመነጨው ሊቅ ማን ነበር?» አለ እንዳላማው። አሳምሮ ያውቃል እኮ፤ ነገረኛ!

ሐሳቡ የፈውዚያ ነበር። ጠዋት ጠዋት የደብረ ማርቆስ ባጃጅ ሁሉ በሩ ላይ እየተኮለኮለ ተማሪው ሲያረፍድ አይታ በክበብ ስብሰባ ላይ ተናገረች፤ በር ድረስ የሚሄድ እጥፍ ይክፈል፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚወርድ ግማሽ። ሰው ርካሹን ይመርጣል፣ በሩም ይተነፍሳል። ርእሰ መምህሩ ወደዱት፤ ባለባጃጆቹም ለአንድ ሳምንት እንሞክረው አሉ።

የአገሯን ሰው ግን ረስታ ነበር። መጀመሪያ አንዲት እናት እጥፍ ከፍለው ልጃቸውን በር ድረስ አደረሱ። ጎረቤታቸው አዩ። «እኛስ ምን ጎደለን?» አሉ። ከዚያማ በእግሩ ይመጣ የነበረው ሳይቀር ባጃጅ ተሳፋሪ ሆኖ አረፈው። ወፍጮ ቤቱ ጋ ለሚወርዱት ደግሞ ስም ወጣላቸው፤ «ግማሾቹ» ተባሉ። ይህን ማን ይችለዋል?

ዛሬ የሙከራው መጨረሻ ነው። ርእሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። መንገዱ እንዲህ ከዋለ ሐሳቡ ይሰረዛል፣ ፈውዚያም ትምህርቷን እስክትጨርስ ድረስ መሳቂያ ትሆናለች። ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን፣ ባለ ሐሳቧ ራሷ ሳምንቱን ሙሉ በር ላይ ስትወርድ መክረሟ ነው። አባቷ አቶ ሙዓዊያ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። «ልጁን መንገድ ላይ ጣላት፣ ከሰረ መሰለኝ ይበሉኝ?» ብለው እምቢ አሉ።

«አባዬ፣ እዚህ ልውረድ» አለች ፈውዚያ።

«ተቀመጪ።»

«እኔ ያመጣሁትን እኔ ካልፈጸምኩት ማን ይፈጽመዋል?»

«ሌላ ሰው።»

«ሁሉም እንዲህ እያለ ነው እኮ የተቀመጠው።»

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ውጭ ማየት ጀመሩ። ከጎናቸው ከቆመው ባጃጅ ውስጥ የክፍሏ ልጅ ሄለን ሁሉን ሰምታለች።

«ፈውዚ፣ ግማሽ ልትሆኚ ነው እንዴ? ሙድ አትያዢ ባክሽ!» ብላ ሳቀች።

የፈውዚያ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ቦርሳዋን አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። ደግሞ አነሣችው።

«ወራጅ አለ» አለች።

ወርዳ በቆሙት ባጃጆች መካከል መሄድ ጀመረች። ከየባጃጁ ውስጥ ፊቶች እየዞሩ አዩዋት፣ አንዳንዱም ሳቀ። ማንንም ሳታይ ስድስት ሰባቱን አለፈቻቸው። ያኔ ከኋላዋ ጭቅጭቅ ሰማች።

«የግማሹን ወስደህ የቀረውን መልስልኝ!»

«ኧረ ጋሼ፣ በር ድረስ ብለው አይደል የተሳፈሩት?»

«ወርጃለሁ እኮ! አይታይህም?»

ፈውዚያ ዞር አላለችም። አባቷ እንዲደርሱባት ግን እርምጃዋን ቀስ አደረገች።