የጠየቁትን ሁሉ እሺ በሉ

ልዩ ሀብተሥላሴ አንድን ቃል እንደ ጠላት ይዛዋለች፤ «ቻይው» የሚለውን።

ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ወረዳ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አምስት ዓመት ሠርታለች። በነዚያ ዓመታት ጠረጴዛዋ ፊት የተቀመጡት ሴቶች ከየሽማግሌው ደጅ ይዘው የመጡት ይህንኑ ቃል ነበር። ፊቷ ያበጠው «ቻይው ተብዬ ነበር» ትላለች። ባሏ ሦስት ወር ያኮረፋትም «ቻይው አሉኝ» ትላለች። ወንዶቹም ቢሆኑ የተሻለ አላገኙም፤ «ሴት ናት፣ እለፋት» ተብለው ተሸኝተዋል። ይህን እርቅ ይሉታል! ቁስልን ሳያጥቡ መሸፈን እርቅ ከተባለ፣ ቤት ሲቃጠል በር መዝጋትም እሳት ማጥፋት ሊባል ነው።

ልዩን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የራሷ ባዶ እጅ ነበር። ከፎርምና ከማኅተም ሌላ የምትሰጣቸው አልነበራትም። ስለዚህ ልትማር ቆረጠች።

ምርጫው ሁለት ነበር። አንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ተቀብሏታል፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ማንንም አያስቆጣም። ሁለተኛው ወንጌላውያን ያቋቋሙት፣ ካዛንቺስ ያለ ኮሌጅ ነው፤ የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒ ማስተርስ ያስተምራል። ተማሪው ከእውነተኛ ባልና ሚስት ጋር ተቀምጦ፣ መምህሩ እየተከታተለው፣ አምስት መቶ ሰዓት ይሠራል። የየትኛውንም ቤተ ክርስቲያን ልጅ ይቀበላል። የሚጠይቀው ከአመልካቹ የሃይማኖት አባት የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

የሥራ ባልደረቦቿ «ምን አገባሽ ከሃይማኖት ትምህርት? ሳይንሱን ተማሪ» አሏት።

«እኔ ቢሮ የሚገባ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ቃሉ እግዚአብሔር ነው» ብላ መለሰች። «ሲያለቅስም በሱ፣ ሲምልም በሱ። ደጅ አስቀምጠኸው ግባ ልበለው?»

ጋዲሳን ያገኘችው ማመልከቻዋን ልታባዛ ባምቢስ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባች ቀን ነው። ወረቀቶቿን ይዛ ከወጣች በኋላ ስትቆጥር፣ ለኮሌጁ የጻፈችው ጽሑፍ ሁለተኛ ገጽ የለም። በምትኩ የባለ አሥር ፎቅ ሕንፃ የፍሳሽ መስመር ንድፍ ተቀምጧል። ስትመለስ አንድ ረጅም ቀጭን ልጅ እያለከለከ በሩ ላይ ደረሰባት።

«ይቅርታ፣ ልዩ አንቺ ነሽ?»

«ፍሳሹ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው። ማለቴ... የምነድፈው ሕንፃ ፍሳሽ።»

ገጹን ዘረጋላት፤ ግን አለቀቀውም።

«አንብቤዋለሁ» አለ። «ስሕተት አለበት።»

«የሰው ወረቀት ማንበብህ አንሶ ታርማለህ?»

«ሽማግሌ ቤት አያድንም ብለሻል። አባቴንና እናቴን ሽማግሌ ባያስታርቃቸው እኔ አልወለድም ነበር። በቃ፣ ማስረጃው ፊትሽ ቆሟል።»

ልዩ ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ደካማ ማስረጃ ነው።»

ሳቀ። ሲስቅ ዓይኖቹ ከፊቱ ቀድመው ይስቃሉ። ልዩ መሳቋን ያወቀችው ዘግይታ ነው፤ ወዲያው ተኮሳተረች።

«ምን ብለው አስታረቋቸው?»

«እሱን... ጠይቄ አላውቅም።»

«ጠይቅና ተመልሰህ ና» ብላ ገጿን ነጥቃው ሄደች።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ወረዳው ድረስ። ፍቼ ያለችውን እናቱን ጠይቋል። «አንድ ሽማግሌ ነበሩ አለች። ሦስት ቀን ቤታችን አደሩ። አንዴ እሷን ለብቻ፣ አንዴ እሱን ለብቻ ያስቀምጡና ዝም ብለው ይሰማሉ። በሦስተኛው ቀን ነው የተናገሩት አለችኝ።»

ልዩ ብዕሯን አስቀመጠች። ሙግት ስትሸነፍ የሚሰማት ንዴት እስኪመጣ ጠበቀች፤ አልመጣም። ያን ምሽት ሁለተኛውን ገጽ እንደገና ጻፈችው።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ በኋላ ከባምቢስ እስከ ካዛንቺስ በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ጋዲሳ በተማሪነቱ ያውቀው የነበረው ሰፈር ግማሹ ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊ ነው፤ እነሱ ግን ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነበር የሚሄዱት። ይከራከራሉ፤ በታክሲ ወረፋ፣ በማዕተብ፣ በሽሮ። ክርክሩ ሲያልቅ ዝም ይላሉ፤ ዝምታውም ከክርክሩ ይጥማቸዋል።

«አንቺን ማግባት ፍርድ ቤት ውስጥ ቤት እንደ መከራየት ነው» አላት አንድ ቀን።

«ኪራዩን ትችላለህ?»

«እኔስ እችላለሁ፤ አባትሽ ናቸው የሚያስፈሩኝ።»

አባቷ ጡረተኛው መምህር ጋሽ ሀብተሥላሴ በቂርቆስ ሰፈር አስታራቂነታቸው የታወቀ ነው። በሳቸው ደጅ ያላለፈ ጠበኛ የለም ይባላል። የኮሌጁን ነገር ሲሰሙ ደማቸው ፈላ። «እኔ ያለ ዲግሪ ስንት ቤት አቁሜያለሁ! ደግሞ ከጴንጤ? የቂርቆስ ማዕተብ አንገትሽ ላይ አስረሽ?» የልዩን የንስሐ አባት አባ ወልደአረጋይንም ደብዳቤውን እንዳይጽፉ ለመኗቸው። አባም «እስቲ መጀመሪያ አባትሽን አሳምኚ» እያሉ ሳምንታት አለፉ።

በዚህ መሐል ነው ጋዲሳ ሽማግሌ የላከው። የሽማግሌዎቹ አለቃ አጎቱ ጋሽ ዋቅጋሪ ናቸው። «ቅድመ ሁኔታ ቢያቀርቡ ምን እንበል?» ሲሉት፣ ደስታ ያሰከረው ጋዲሳ አንድ ቃል ተናገረ፦

«የጠየቁትን ሁሉ እሺ በሉ!»

ልብስና ጌጥ መስሎት ነበር። የሠርጉ ድግስ ብዛት መስሎት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሽማግሌዎቹ መጡ። በወጉ «ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ልዩ በወጉ ከጓዳ መጋረጃ ጀርባ ነበረች። አባቷ ስለ ልጁ ዘርና ሥራ ጠየቁ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ጠየቁ፤ ተዋሕዶ መሆኑን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ያን የጴንጤ ትምህርት ትተዋለች። ባሏ ይህን ዋስ ይሁነኝ።»

ልዩ ወደ መጋረጃው ተጠጋች። አሁን ይጠይቃሉ አለች በልቧ። አሁን አንዳቸው «ልጅቷ ምን ትላለች?» ይላሉ።

«እሺ» አሉ ጋሽ ዋቅጋሪ።

ተቀመጡ፤ ተመረቀ፤ ተበላ። የአንዲት ሴት ሕይወት በሁለት ፊደል አለቀ። ልዩም አልወጣችም። ያን ጊዜ አለመውጣቷን ለራሷ ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጅቶባታል።

በማግስቱ ባምቢስ፣ ሰው በሚተላለፍበት መንገድ ላይ፣ ጋዲሳን እንደ ተከሳሽ አቆመችው።

«አላወቅኩም ነበር ልዩ፣ እናቴ ትሙት! እንደዚያ ይጠይቃሉ ብዬ...»

«ማወቅ ማን ጠየቀህ? መጠየቅ ነበረብህ! ለደንበኛህ ሽንት ቤቱ የት ይሁንልዎ ብለህ ትጠይቃለህ አይደል? እኔ ከሽንት ቤት አንሼ ነው?»

«እንዳላጣሽ ብዬ እኮ ነው።»

«እኔን ላለማጣት እኔን ሰጠህ።»

ጋዲሳ እጁን ሊዘረጋ ብሎ መለሰው።

«ምን ላድርግ?»

«እሺ ያልከውን አንሣ።»

«ሽማግሌ የተናገረውን ቃል? ተመርቆ? እንዲህ ተደርጎ አያውቅም!»

«እንግዲያው ጀማሪው አንተ ትሆናለህ» ብላ ወደ ቂርቆስ ታክሲ ገባች። በመስኮቱ አላየችውም። ማለቴ፣ እንዳላየች ሆነች፤ ታክሲው እስኪታጠፍ ድረስ ግን አንገቷ አላረፈም።

ሁለት ሳምንት አልደወለም። የማመልከቻው ቀን ሰኞ ያበቃል። ዩኒቨርሲቲው እንዳለ ነው፤ አባቷም «እሱን ተማሪ፣ ማን ከለከለሽ» ይላሉ። ልዩ ግን በየሌሊቱ ያንኑ ታስባለች፤ እዚያ ብትገባ የሚያስቆጣት ትምህርቱ አይደለም፤ ሌሎች መርጠውላት መግባቷ ነው።

እሑድ ጠዋት በር ተንኳኳ። ጋሽ ዋቅጋሪና ሁለቱ ሽማግሌዎች ነበሩ። አባ ወልደአረጋይም ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጥተው ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎቹ እንደገና ቆሙ።

«ምነው፣ የሠርጉን ቀን ልትቆርጡ ነው?» አሉ ጋሽ ሀብተሥላሴ በፈገግታ።

«አይ» አሉ ጋሽ ዋቅጋሪ። «ቃላችንን ልናነሣ ነው።»

የጋሽ ሀብተሥላሴ ፈገግታ ጠፋ።

«ልጅቷን ትታችኋል ማለት ነው?»

«ልጁ እንዲህ በሉልኝ ብሏል፦ ከፈቀዱ ሁለቱንም ይፍቀዱ። አንዱን ብቻ ከሆነ የሚፈቅዱት፣ ትምህርቷን ይፍቀዱላትና እኔን ይከልክሉኝ።» ጋሽ ዋቅጋሪ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዞሩ። «ሠላሳ ዓመት ሸምግያለሁ። በራሱ ላይ የሚፈርድ ሙሽራ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ጮኽኩበት። በኋላ ግን አፈርኩ ጋሽ ሀብቴ፤ ያን ቀን እሺ ያልኩት በማላውቃት ልጅ አፍ ነው።»

መጋረጃው ተገለጠ።

«ግቢ!» አሉ አባቷ።

«አልገባም አባዬ።» ልዩ በርጩማ ሳበችና በሽማግሌዎቹና በአባቷ መካከል ተቀመጠች። ወደ አባቷ ዞረች። «ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል?»

«ቁጥር የለውም።»

«ሴቲቱን ለብቻዋ አስቀምጠው ምን ሆንሽ ብለው ጠይቀው ያውቃሉ?»

«ምን ይጠየቃል! ነገሩ ይታወቃል እኮ።»

«የኔ እንደታወቀ?»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ከጓዳው በር ላይ ሌላ ድምፅ መጣ። እናቷ ወይዘሮ አሰፋሽ ብርጭቆ የሞላ ትሪ እንደያዙ ቆመዋል።

«እኛንም ሽማግሌዎች አራት ጊዜ አስታርቀውናል» አሉ።

ሁሉም ዞረ። ሽማግሌ በተቀመጠበት አሰፋሽ ሲናገሩ ሰምቶ የሚያውቅ የለም።

«አራት ጊዜ። ቻይው አሉኝ፤ ቻልኩ። አንድም ቀን ምን ሆንሽ ያለኝ የለም። አራቱንም ጊዜ ዶሮ ሠርቼ አበላኋቸው።» ትሪውን አስቀመጡ። «ልጄ ትማር። ያስተማራት ያስተምራት፤ ትማር።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ሚስታቸውን ለረጅም ጊዜ አዩ፤ ቤታቸው ውስጥ የማያውቁት ክፍል እንዳለ ዛሬ እንደተነገራቸው ሰው። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ አባ ወልደአረጋይ አዞሩ፤ ምናልባት ረዳት ፍለጋ።

አባ መስቀላቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «የዓይኔን ሞራ የገፈፈልኝ ሐኪም ሃይማኖቱ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ዳዊቴን ግን እያነበብኩ ነው።» ወደ ልዩ ዞሩ። «ጾምሽን አትፍቺ፣ ቅዳሴ አታስታጉዪ፣ ሰው ከማኅበሩ አታስኮብልዪ። ደብዳቤውን እጽፋለሁ፤ አባትሽ ከፈቀዱ።»

ከውጭ የታክሲ ረዳት «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ!» ሲል ይሰማል።

«አንቺ ልጅ» አሉ በመጨረሻ ጋሽ ሀብተሥላሴ። «ልጁን ትፈልጊዋለሽ?» ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በቁጣ፣ «ይኸው ጠየቅኩ! ሰምታችኋል!»

ልዩ ሳቋና እንባዋ ተደባለቀ። «እፈልገዋለሁ አባዬ። ትምህርቴንም እፈልጋለሁ።»

«ሁለቱንም ውሰጂያ! አንቺን ማን ችሎሽ ያውቃል!»

የወይዘሮ አሰፋሽ እልልታ ጎረቤቱን ሁሉ በየደጁ አወጣው።

ሙሽራ እንዲያ ባለ ቀን ከቤት አይወጣም። ልዩ ወጣች። ጋዲሳን ታክሲ መያዣው ጋ አገኘችው፤ ካዛንቺስ የሚሉ ሦስት ታክሲዎች አልፈውት እሱ ቆሟል። ፊቷን አይቶ ምን እንደሆነ መረዳት አልቻለም፤ እልልታው የማን እንደሆነም አላወቀም።

«የቱን ፈቀዱ?» አላት በቀጭን ድምፅ።

«ከልክሉኝ ብለህ ነው የላክኸው?»

«አዎ።»

«ከዚያስ ምን ልትሆን ነበር?»

«ምን እሆናለሁ። አንቺ ተምረሽ ስትጨርሺ፣ ደንበኛ ሆኜ ልመጣ።»

«ያላገባ አንቀበልም» አለችው። እጁን ያዘችው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ቂርቆስ ሁሉ እያየ። ጋዲሳ ነገሩ የገባው ያኔ ነው። ማቀፍ ሲያምረው፣ ማፈር ሲይዘው፣ መጨረሻ ላይ ግንባሩን በትከሻዋ ላይ ጣለ። ረዳቱ «ትሳፈራላችሁ ወይስ ትጋባላችሁ?» ብሎ ጮኸ፤ ታክሲው ሙሉ ሳቀ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ሁለቱ ካዛንቺስ ኮሌጁ ደረሱ። የአባ ወልደአረጋይ ደብዳቤ የደብሩ ማኅተም አርፎበት ከላይ ተቀምጧል። የሬጅስትራሯ ሠራተኛ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየችና አንዱ ላይ ቆመች።

«እኅቴ፣ ይሄ አልተሞላም። የጋብቻ ሁኔታ። ያገባሽ ነሽ ያላገባሽ?»

ልዩ ቅጹን ተቀበለች። ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። ወደ ጋዲሳ አየች፤ ጋዲሳ ትከሻውን ነቀነቀ፤ ግን ጆሮው ድረስ ቀልቷል። ልዩ እስክሪብቶዋን አወጣች። ከሁለቱ ሳጥኖች ጎን ሦስተኛ ሳጥን ሣለች፤ በአጠገቡ «የታጨች» ብላ በጉልህ ጻፈች፤ በውስጡም ምልክት አደረገች።

«እንዲህ አይቻልም እኮ» አለች ሠራተኛዋ።

«ተቻለ» አለች ልዩ፣ ቅጹን እየገፋችላት።

ሴትየዋ ሳጥኗን አየች፤ ሁለቱን ልጆች አየች። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ፈገግታዋን እየደበቀች፣ ማኅተሙን አንሥታ አሳረፈችበት።